ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ሳይርቁ

(የመግቢያ ሙዚቃ ለጥቂት ጊዜ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ በአሶሳ ከተማና በዙሪያዋ፣ በባምባሲ፣ በመንጌ፣ በሆሞሻ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ፣ በመተከልና በካማሺ ዞኖች፣ በማኦ ኮሞም ሆናችሁ የምትከታተሉን ሁሉ፣ ዛሬ በጤና ዝግጅታችን የምናወራው ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ስህተት ነው። መድኃኒቱ ትክክለኛ ሆኖ፣ ሐኪሙም በሽታውን አውቆት፣ በሽተኛው ግን ሳይድን ይቀራል። ሲብስም በመድኃኒቱ ይጎዳል። ይህ ለምን ይሆናል? እንዴትስ ይቀራል? እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ።

መነሻችን አካባቢያችን ጠንቅቆ የሚያውቀው በሽታ ነው፤ ወባ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ቀን ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ወባ ደግሞ መድኃኒት የሌለው በሽታ አይደለም። በመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ በቀበሌ ደረጃም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጣት ወግታ፣ መርምራ፣ ኪኒኑን ትሰጣለች። እንግዲህ መድኃኒቱ እጃችን ከገባ በኋላ ያለው ሥራ የእኛ ነው ማለት ነው። ስህተቱም በብዛት የሚፈጠረው ከመስኮቱ እስከ አፋችን ባለችው በዚያች አጭር መንገድ ላይ ነው።

ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት የሚሰጠውን ኳርተምን እንውሰድ። ኳርተም የሚታዘዘው በሰውነት ክብደት ልክ ነው። ክብደቱ ከ5 ኪሎ ጀምሮ 15 ያልሞላ ሕፃን በአንድ ጊዜ 1 ፍሬ፣ ከ15 ጀምሮ 25 ያልሞላ 2 ፍሬ፣ ከ25 ጀምሮ 35 ያልሞላ 3 ፍሬ፣ 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ደግሞ 4 ፍሬ ይወስዳል። በቀን ሁለት ጊዜ ለ3 ቀናት፣ በድምሩ ስድስት ጊዜ። ለአዋቂ ሰው ሲደመር 24 ፍሬ ይመጣል።

አሁን በየቤቱ የሚሆነውን እንይ። አባወራው በመጀመሪያው ቀን 8 ፍሬ ዋጠ። በሁለተኛውም ቀን 8 ፍሬ ዋጠ። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ብርድ ብርድ ማለቱ ቆመ፣ ምግብ አሰኘው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ድኛለሁ» ብሎ ወደ ወርቅ ቁፋሮው ወይም ወደ ማሽላ እርሻው ወጣ። የቀሩትን 8 ፍሬዎች ሚስቱ «ለክፉ ቀን» ብላ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጃቸውን አተኮሰው። ጤና ኬላ መሄድ ቀረና ያቺው ተራፊ መድኃኒት ተሰጠችው። ልጁ አልተመረመረም፤ ትኩሳቱ የወባ ይሁን የሳንባ ምች ማንም አላወቀም። ክብደቱም አልተለካም። በዚያው ሰሞን አባትየውን ወባው ተመልሶ ጣለው፤ ምክንያቱም በደሙ ውስጥ የቀሩት ተውሳኮች እንደገና ተራብተዋል። አንድ የመድኃኒት እሽግ ለሁለት በሽተኞች ተከፈለ፤ አንዱም በቅጡ አልታከመም።

ጉዳቱ በአንድ ቤት አይወሰንም። ክሎሮኩዊን አንድ ጊዜ ለሁሉም ዓይነት ወባ ይሰጥ ነበር። ፋልሲፓረም ስለተላመደው አገራችን እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ፋንሲዳር ዞረች። ፋንሲዳርም ብዙ አልቆየም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በኳርተም ተተካ። አሁን ደግሞ የኳርተም ዋነኛ ክፍል የሆነውን የአርቴሚሲኒን ዝርያ በከፊል የሚቋቋም ወባ በሩዋንዳ፣ በዩጋንዳ፣ በታንዛኒያና በጎረቤታችን በኤርትራ መኖሩ ተረጋግጧል። ተውሳክ መድኃኒት እንዲለምድ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የተጀመረን መድኃኒት ሳይጨርሱ መተው ነው። ስለዚህ ትኩሳት ቢለቅም ባይለቅም፣ ኳርተሙ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ይዋጥ።

ሌላም አለ። ወባ ጠንቶበት ሆስፒታል የገባ ሰው የአርቴሱኔት መርፌ ይወጋል። መርፌው በፍጥነት ያነሳዋል። ሲወጣ ኳርተም ይሰጠዋል። ብዙ ሰው ግን መርፌ ከኪኒን ይበልጣል ብሎ ስለሚያምን ኪኒኑን ቸል ይላል። መርፌው ሕይወቱን አተረፈ እንጂ ሕክምናው አላለቀም። መርፌ የተወጋም ሰው የ3 ቀኑን ኪኒን መጨረስ አለበት።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ አንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ክፍል መስኮት እንሂድ። የልጅ ልጃቸውን አዝለው የመጡ አንድ እናት ቆመዋል። በትምህርታዊ ጭውውት ያዘጋጀነው ነውና አዳምጡት።

(የሰዎች ድምፅ፣ የሕፃን ልቅሶ)

ባለሙያ፦ እናቴ፣ ልጁ ሲመዘን ስንት ኪሎ ነው አሉዎት?

እናት፦ አሥራ ሁለት ነው አሉኝ ልጄ።

ባለሙያ፦ ጥሩ። እንግዲያው በአንድ ጊዜ አንድ ፍሬ ነው። የመጀመሪያዋን እዚሁ እናስውጠው። ይኸው አሁን ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ሁለተኛውን ከ8 ሰዓት በኋላ ይሰጡታል።

እናት፦ እሺ፣ በ8 ሰዓት። ምሳውን ሲበላ ማለት ነው።

ባለሙያ፦ ቆይ እናቴ! ሰዓቱ 8 ሲል ማለቴ አይደለም። ስምንት ሰዓት ያህል ቆይተው፣ ማለትም ማታ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ስትገባ።

እናት፦ እንዲያ በለኝ! እኔ ምሳ ላይ ልሰጠው ነበር እኮ።

ባለሙያ፦ ከነገ ጀምሮ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነው። ሲሰጡት ሆዱ ባዶ አይሁን። ገንፎው ላይ ቅቤ ወይም ዘይት ጣል ያድርጉበት፤ ወተትም ካለ ጥሩ ነው። ይህ መድኃኒት ቅባት ካላገኘ ወደ ደም በደንብ አይገባም።

እናት፦ ቢያስመልሰውስ?

ባለሙያ፦ ከዋጠ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ካስመለሰው ያንኑ መጠን ደግመው ይስጡት፤ ለጎደለው እኛ ጋ ይምጡ። እየደጋገመ የሚያስመልሰው፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም ጡት አልጠባም የሚል ከሆነ ግን ቶሎ ይዘውት ይምጡ። አሁን እስቲ ቤት ሄደው እንዴት እንደሚሰጡት ለእኔ ይንገሩኝ።

እናት፦ ዛሬ ፀሐይ ስትገባ አንድ። ነገ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ከነገ ወዲያም እንደዚሁ። ስድስቱ ሲያልቅ አለቀ።

ባለሙያ፦ ጎበዝ! እግዜር ይማርልዎት።

(የጭውውቱ ድምፅ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ አያችሁ አድማጮች? ባለሙያው የተናገረው ስህተት የለበትም፤ እናትም በደንብ ሰምተዋል። ያም ሆኖ ሁለተኛዋ ፍሬ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሳይሆን ከአራት ሰዓት በኋላ ልትሰጥ ነበር። ያዳነው አንድ ነገር ነው፤ እናት የገባቸውን በራሳቸው አነጋገር መልሰው መናገራቸው። «ገባዎት?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» የማይል የለም። «እስቲ ይንገሩኝ» ሲባል ግን ያልገባው ይለያል። ባለሙያው ባይጠይቃችሁ እንኳ እናንተ «ልድገመውና ትክክል መሆኑን ንገረኝ» በሉት።

በክልላችን ይህ የመግባባት ችግር ይከብዳል። ሐኪሙ በአማርኛ ያስረዳል፤ በሽተኛዋ ቤቷ የምታወራው በርታኛ፣ ጉሙዝኛ፣ ሽናሽኛ፣ ማኦኛ ወይም ኮሞኛ ነው። ከሱዳን ተሰደው በመጠለያ ያሉ ወገኖች ደግሞ ዐረብኛ ይናገራሉ። ብዙ ጊዜ አስተርጓሚ የሚሆነው ትምህርት ቤት የገባ ትንሽ ልጅ ነው። ልጅ ግን «ከምግብ ጋር» ያለውን «ከምግብ በፊት» ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ አዋቂ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ማንበብ የማይችል ሰው ባለሙያውን «በካርቶኑ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሣልልኝ፣ በአጠገባቸውም የፍሬውን ቁጥር በነጥብ አድርግልኝ» ይበል። አያሳፍርም። ባለሙያም አይሰለቸው፤ ሥራው ነው።

በካርቶኑ ላይ ስለሚጻፈውም እናንሣ። «2 በ3» ተብሎ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ሁለት ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ነው ወይስ ሦስት ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ? የቀኑ ድምር በሁለቱም 6 ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚዋጠው ግን ይለያያል። ለአንዳንድ መድኃኒት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። «በአንድ ጊዜ ስንት? በቀን ስንቴ? ለስንት ቀን?» ብላችሁ ሦስቱን ለየብቻ ጠይቁ። ከዚያ በጣታችሁ ቁጠሩ፤ በአንድ ጊዜ 1፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ5 ቀን ከተባላችሁ እጃችሁ ላይ 15 ፍሬ መኖር አለበት። 10 ብቻ ከሆነ ወይ ቁጥሩ ወይ ንግግሩ ተሳስቷል። መስኮቱ ሳይዘጋ ጠይቁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ሰዓታችን ከሌላው ዓለም እንደሚለይ ሁሉ ዘመን አቆጣጠራችንም ይለያል። በመድኃኒት ካርቶን ላይ የሚታተመው የመጠቀሚያ ጊዜ ግን በፈረንጆቹ ነው። «08/2025» የሚል ብታገኙ፣ ስምንተኛው ወር ሚያዝያ አይደለም፤ 2025ም ገና የሚመጣ ዓመት አይደለም። ይህ መድኃኒት ያበቃው በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2017 ማለቂያ አካባቢ ነው። ልዩነቱን የማያስተውል ሰው የተበላሸውን መድኃኒት «ገና ስምንት ዓመት አለው» ብሎ ያስቀምጠዋል። ዘዴው ይኸው፦ ወሩ ከ1 እስከ 8 ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሱ፤ ከ9 እስከ 12 ከሆነ 7 ቀንሱ። ካርቶን ላይ ሁለት ቀን ታትሞ ይገኛል፤ አንዱ የተመረተበት፣ ሌላው የሚያበቃበት ነው። የምትፈልጉት ዘግየት ያለውን ነው።

የአቀማመጥም ነገር አለ። ቆላው፣ በተለይ ወደ ኩርሙክና ሸርቆሌ ያለው፣ ፀሐዩ ከባድ ነው። ብዙ መድኃኒቶች ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወዱም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ፣ የመኪና ውስጥና የምድጃ አጠገብ መድኃኒት ያበላሻሉ። ጥላና ደረቅ ቦታ፣ ሕፃን በማይደርስበት፣ ክዳንና ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ፣ ከመጀመሪያው ካርቶኑ ጋር አስቀምጡ። ኪኒንን ከእሽጉ አውጥቶ በወረቀት መጠቅለል ስሙንም የሚያበቃበትንም ቀን ያጠፋል። ኢንሱሊን የምትወስዱ ወገኖች ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ፣ ያልተከፈተውን ጠርሙስ ጤና ተቋሙ ያቆይላችሁ እንደሆነ ጠይቁ።

በረኪናን፣ የአረም መድኃኒትን ወይም ነጭ ጋዝን በሃይላንድና በለስላሳ ጠርሙስ ማስቀመጥም ይቅር። የተጠማ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። የውሃ ጠርሙስ የውሃ ብቻ ይሁን።

ለሕፃናት በሚሰጥ ሽሮፕ ትልቁ ስህተት ማንኪያ ነው። ባለሙያው «አንድ ማንኪያ» ሲል 5 ሚሊ ሊትር ማለቱ ነው። ትልቁ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣውን ስፍር ያለበት ኩባያ ወይም ማንኪያ አትጣሉት፤ ከሌለም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ጠይቁና ባለሙያው መስመሩን በእስክሪብቶ ያስምርላችሁ። በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካው ኦ አር ኤስ ሲሆን ደግሞ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ለዚህ ይመቻል። ግማሽ ሊትር ላይ ከተበጠበጠ ጨው ይበዛበትና ሕፃኑን ይጎዳል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ።

አሁን ደግሞ አዋቂዎቹን። ፓራሲታሞል ቀላል መድኃኒት ይመስላል። ለአዋቂ ሰው 500 ሚሊ ግራም ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ጉበት ይጎዳል። ችግሩ ፓራሲታሞል በብዙ የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥም መኖሩ ነው። ራሱን ያመመው ሰው ፓራሲታሞል፣ ለጉንፋኑም ሌላ ኪኒን ሲወስድ፣ አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ እየዋጠ መሆኑን አያውቅም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ጨጓራና ኩላሊት የሚያመውን ሰው ይጎዳሉ። ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች አይታዘዙም። ቫይቫክስ ለተባለው ሌላ የወባ ዓይነት ከክሎሮኩዊን ጋር ለቀናት የሚሰጠው ፕሪማኩዊንም ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ በተፈጥሮ ደማቸው ለዚህ መድኃኒት የማይመች ሰዎችም አሉ። ፕሪማኩዊን እየወሰደ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረበት፣ ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነበት ሰው መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ስለዚህ ወደ ማዘዣ ክፍል ስትገቡ ሳትጠየቁ ተናገሩ፦ እርጉዝ ነኝ፣ አጠባለሁ፣ ፔኒሲሊን አይስማማኝም፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፣ የባህል መድኃኒትም ጠጥቻለሁ። የምትጾሙም ተናገሩ። በረመዳን የሚወሰድበትን ሰዓት ከኢፍጣርና ከሱሁር ጋር ማስተካከል የሚቻልበት መድኃኒት አለ፤ የማይቻልበትም አለ። በሁዳዴ ኳርተም የታዘዘለት ሰው ቅባቱን ከኦቾሎኒ፣ ከሰሊጥ ወይም ከዘይት ሊያገኝ ይችላል። የማይሆነው ዝም ብሎ የመድኃኒቱን ሰዓት መዝለል ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ስህተት የሚሠራው ግን በሽተኛው ብቻ ነው? አይደለም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተደረገ ጥናት መድኃኒት ሲሰጥ 1,200 ጊዜ ተመልክቶ በ621ዱ ላይ የሆነ ዓይነት ስህተት አግኝቷል። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በነርሶች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናትም ቁጥሩ 56.4 በመቶ ነበር። እነዚህ ሁሉ ሰው የሚገድሉ ስህተቶች አይደሉም፤ በጅማው ጥናት ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው መድኃኒቱ ከሰዓቱ ውጭ መሰጠቱ ነው። ቢሆንም ከግማሽ በላይ መሆኑ ችግሩ የአንድ ግዴለሽ ባለሙያ ጉዳይ እንዳልሆነ ያሳያል። ለብዙ ሕሙማን አንድ ነርስ፣ የማይነበብ የእጅ ጽሑፍ፣ የመድኃኒት እጥረትና ተመሳሳይ ስሞች ይደራረባሉ። ሜትፎርሚን ለስኳር ነው፣ ሜትሮኒዳዞል ለአሜባ ነው፤ በችኮላ ሲጻፉ ግን ይመሳሰላሉ። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 «ጉዳት የሌለበት መድኃኒት» በሚል ዓለም አቀፍ ዘመቻ የጀመረው፤ መስከረም 7 ቀን 2015 ዓ.ም የዋለውን የታካሚዎች ደኅንነት ቀንም ለዚሁ ጉዳይ የሰጠው።

ታካሚው በዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ሐኪሙን «ምን አመመኝ? ያዘዝክልኝ ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ደግሞ «ይህ ለምንድን ነው?» ብሎ ባለሙያውን ይጠይቃል። ሐኪሙ ስኳር ብሎ፣ መድኃኒት ሰጪው አሜባ ካለ፣ ስህተቱ ገና ከአፍ ሳይደርስ ተያዘ።

አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። በገበያ ቀን ከሳሙናና ከባትሪ ድንጋይ ጋር ተዘርግቶ የሚሸጥ ኪኒን አትግዙ። ድንበር ላይ እንዳለን አትርሱ፤ በድብቅ የሚገባ መድኃኒት በምን ሙቀት እንደተጓዘ፣ ማን እንደሠራው፣ እውነተኛ መሆኑንም የሚያውቅ የለም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒት መሸጥ የሚችለው ፈቃድ ያለው ተቋም ብቻ ነው። ደረሰኝ ጠይቁ፤ ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ነገ ብትጎዱ «አላውቃችሁም» ይላል።

መድኃኒት ወስዳችሁ ሰውነታችሁ ካበጠ፣ ካሳከካችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ያልጠበቃችሁት ነገር ከገጠማችሁ ካርቶኑን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ባለሙያው ለዚህ የተዘጋጀውን ቢጫ ቅጽ ሞልቶ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይልካል። እናንተም በነፃ የስልክ መስመር 8482 ደውላችሁ መጠቆም ትችላላችሁ። የእናንተ ጥቆማ ያንኑ መድኃኒት ለሚወስደው ሌላ ሰው ይተርፋል።

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ሳትርቁ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁ፦ ስሙ ማን ነው፣ ለምንስ ነው? በአንድ ጊዜ ስንት፣ በቀን ስንቴ፣ ለስንት ቀን? ከምግብ ጋር ነው ወይስ በባዶ ሆድ? ከምን ጋር አይወሰድም፣ ምን ካየሁስ ላቁም? መቼ ያበቃል፣ የትስ ላስቀምጠው? ከዚያም የሰማችሁትን ለባለሙያው መልሳችሁ ንገሩት። ከኋላችሁ የቆመው ሰው ቢያጉረመርምም አትቸኩሉ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ዛሬ ማታ ደግሞ ቤታችሁ ያለውን የተራረፈ ኪኒን አውጥታችሁ ቀኑን እዩ፤ ያለፈበትንና ስሙ የማይታወቀውን ሰብስባችሁ በአቅራቢያችሁ ላለ ጤና ተቋም መልሱ።

ለዛሬ ያዘጋጀነው ይኸው ነው።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)